ከገመሳ እስከ ዘር፦ ማረሻ እንዴት ይሠራል?

መኸሩ ተሰብስቦ፣ ጭዱ ተከምሮ፣ ከብቱም ቃርሚያውን ከጋጠ በኋላ የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ ዓይኑን ሰማይ ላይ ይጥላል። የሚጠብቀው ገና ሩቅ የሆነውን ክረምት ሳይሆን በየካቲትና በመጋቢት ጠብ የምትለውን ዝናብ ነው። መሬቱ ትንሽ እንደራሰ ጥማድ ይወጣል። ከዚያ እስከ ዘር ያለውን ጊዜ የማይመለከት ሰው የገበሬውን እውቀት ግማሹን አላየም እላለሁ፤ እኛ ግን ስለ ምርቱ እንጂ ስለ ዝግጅቱ ብዙም አንጽፍም።

ለዓመታት ጾም ያደረ መሬት ከሆነ ሥራው የሚጀምረው በምንጠራ ነው። ቁጥቋጦው በገጀራና በመጥረቢያ ይቆረጣል፣ ሥሩ በዶማ ይነቀላል፣ እሾሁ ለአጥር ይለያል። ምንጠራ ሁሉን ማጥፋት አይደለም። በጎጃም ማሳ መሐል ዋንዛና ብሳና፣ በሌላው ቦታ ግራር ቆሞ የሚታየው ገበሬው አውቆ ስለተወው ነው። ድንጋዩም እንዲሁ ነው። ትልልቁ ተለቅሞ ለእርከን ወይም ለድንበር ሲውል ትንንሹ ብዙ ጊዜ በማሳው ላይ ይቀራል። የውጭ ሰው ይህን ስንፍና ይለው ይሆናል፤ በትግራይ ደጉዓ ተምቤን የተደረገ ጥናት ግን ድንጋዩ ሲለቀም ጎርፍ የሚወስደው አፈር እንደሚጨምር አሳይቷል።

የማረሻ መሣሪያው ራሱ ብዙ ብረት የለውም። ሞፈሩ ረጅም እንጨት ሲሆን ዛሬ በብዙ ቦታ ከባሕር ዛፍ ይሠራል። ጫፉ በምራን ከቀንበሩ ጋር ይታሰራል፤ ቀንበሩ ደግሞ በማነቆ በሁለቱ በሬዎች ጫንቃ ላይ ይጸናል። ከኋላ አራሹ በአንድ እጁ የሚይዘው እርፍ አለ፤ ሌላው እጁ ለጅራፍ ነው። ከእርፉ ግርጌ ሾጣጣው ብረት፣ ማረሻው፣ ይሰካል፣ በግራና በቀኙ ድግር የሚባሉ ጠፍጣፋ እንጨቶች ይገባሉ፣ ወገል የሚባለው ብረት ደግሞ እነዚህን አጥብቆ ይይዛል። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ማሳ የሚወስደው ነው፤ ከተሰበረም አብዛኛውን ራሱ ገበሬው ጠርቦ ይተካል። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው። አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሳይቀር በወናፍ አግሎ ጫፉን ያሾለዋል፣ ሲደንዝም መልሶ ይስለዋል። ያለ ቀጥቃጭ አንድ ትልም እንኳ አይወጣም ነበር፤ በብዙ አካባቢ ግን ይህ ባለሙያ ቡዳ እየተባለ ተገልሎ ኖሯል። ይህ ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

የማረሻ ዋና ጠባይ አፈሩን አለመገልበጡ ነው። ሰንጥቆ ይገባል፣ ድግሩም የተሰነጠቀውን ወደ ሁለት ጎን ይገፋል። የሚወጣው ትልም ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ስለሆነ በሁለት ትልሞች መሐል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ በመጀመሪያው አቅጣጫ አይደገምም፤ አቋርጦ ይሄዳል። ሦስተኛውም ሁለተኛውን ያቋርጣል። «የኢትዮጵያ ገበሬ አንዱን መሬት ደጋግሞ ለምን ያርሳል?» ለሚለው ጥያቄ አንደኛው መልስ እዚህ አለ።

እያንዳንዱ እርሻ የየራሱ ስምና ተግባር አለው። ስሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም የመጀመሪያው ገመሳ ነው፤ ደረቁን መሬት ይከፍታል፣ ጥልቀቱም ትንሽ ነው። ሁለተኛው አይማ ጓሉን ይሰብራል፣ የበቀለውንም አረም ይነቅላል። በሦስተኛው፣ በስለሳ፣ መሬቱ ይለሰልሳል። በመጨረሻው እርሻ ማረሻው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። ለጥራጥሬ ጥቂት እርሻ ይበቃል። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ይታረስለታል። ከዚያም ብዙ ቦታ በሬው፣ በጉና ፍየሉ ማሳው ላይ ተነድቶ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሕፃናቱም ከኋላ እየጮኹ ይነዳሉ። እርጥቡ አፈር በሰኮና ተረግጦ ጠበቅ ሲል ጤፉ ከላዩ ይበተናል። በአምስት እርሻ የላላውን አፈር መልሶ መርገጥ ተቃራኒ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ደቃቁ ዘር በላላ አፈር ውስጥ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም።

ይህ ሁሉ የሚለካው በበሬ ቀን ነው። ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ ይባላል፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። አንድ ሄክታር ጤፍ አምስት ጊዜ ይታረስ ቢባል 20 የበሬ ቀን መሆኑ ነው። በክርስቲያኑ አገር ደግሞ ከሚገኙት የሥራ ቀናት ላይ እሑድንና በየወሩ የሚከበሩትን በዓላት፣ 12ን፣ 21ን፣ 29ን መቀነስ ያስፈልጋል። ዝናቡ ግን በዓል አይጠብቅም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ተራ ይገባል፤ ተራው ሲደርስ ዝናቡ ካለፈ የሚያጣው የራሱን ማሳ ነው። ሴት ብቻዋን ቤት በምትመራበት ቦታ ችግሩ የባሰ ነው። ሴት እርፍ አትጨብጥም የሚለው ልማድ መሬቷን በእኩል ወይም በመጋዞ እንድትሰጥ ያስገድዳታል። መንጥራ፣ አርማ፣ አጭዳ የምታድር ሴት የምርቷን ግማሽ የምታጣው በእርሻው ቀን ነው፤ ስለ ገበሬ ድህነት ሲወራ ይህ በመጀመሪያ መነሳት ነበረበት።

በመረሬ አፈር ላይ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በክረምት ጭቃው ማረሻውን ይይዛል፣ ውሃውም አይሰርግም። በሸዋ ደጋ ገበሬው ሹሩቤ የሚባሉ ማፋሰሻ ትልሞችን እያወጣ ውሃውን ያስወግዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ይገኝ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ማፋሰሻ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ጥሩ መደብ ያወጣል፤ ለበሬም ለአራሽም ግን ከበድ ይላል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅትም የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችን ሞክሯል። ነባሩ ማረሻ እስካሁን የቆየው ገበሬው አዲስ ነገር ስለሚጠላ አይደለም። ቀላል ነው፣ ይጠገናል፣ የከሳ በሬም ይስበዋል።

ይህን ማለት ግን ጉዳቱን መደበቅ አይደለም። እርሻው ማቋረጥ ስላለበት ተዳፋት መሬት ላይ አንዱ ዙር ቁልቁል ወይም ሰያፍ ወርዶ መሄዱ አይቀርም፤ ቁልቁል የወጣ ትልም ሁሉ ደግሞ የጎርፍ ቦይ ነው። ደጋግሞ ማረስ አፈሩን ያልመዋል፣ በሐምሌ የሚወርደው ኃይለኛ ዝናብም የላመውን ይጠርጋል። አስተዋይ ገበሬ የመጨረሻውን እርሻ ከዳገቱ ጋር አግድም አድርጎ ይጨርሳል፣ ከዘር በኋላም ማሳውን አሳብሮ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የት ይውጣ የሚለው ግን የአንድ ሰው ውሳኔ አይደለም፤ ከላይ የተለቀቀው ውሃ ከታች ያለውን ጎረቤት ማሳ ይቦረቡራልና። ስለዚህ ከዘር ቀን በፊት ሁለቱ ባለማሳዎች ድንበሩ ላይ ቆመው ውሃው የሚሄድበትን መስመር ይነጋገራሉ፤ ካልተስማሙ ሽማግሌ ይጠራሉ፣ ሽማግሌውም መስመሩን በእግሩ ተራምዶ ያሳያል።