ተጨማሪ መረጃ፦ ከጠመንጃ ወደ ካሜራ

የፍለጋ መሣሪያ ሲለወጥ፣ እንደ ማስረጃ የሚቆጠረው ነገርም ይለወጣል። በጠመንጃ ዘመን በወሬ ብቻ የሚታወቅ እንስሳ መኖሩ የሚታመነው ቆዳውና አጥንቱ ሙዚየም ሲደርስ ነበር፤ የኮንጎው ኦካፒ በ1901 እ.ኤ.አ. የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ኋላ ግን ከዚያ ያነሰ ማስረጃም በቅቷል፦ በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ፓርክ መንገድ ላይ ከሞተች የሌሊት በራሪ ወፍ የተገኘው አንድ ክንፍ ብቻ ሲሆን፣ በ1995 አዲስ ዝርያ ተሰይሞበታል።

በአማራ ክልል ሱዳን ድንበር ላይ በሚገኘው አልጣሽ ፓርክ አንበሳ መኖሩን ነዋሪዎች ቀድሞም ይናገሩ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ወሬውን ያረጋገጡት ዱካና እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ናቸው፤ አንድም አንበሳ መግደል አላስፈለገም። ካሜራ ግን ሁሉንም ወሬ አይፈታም፦ ቡዳ ጅብ ሆኖ ይዞራል ለሚል ሰው፣ የጅብ ፎቶ ማስተባበያ ሊሆን አይችልም።

ቦታም መሣሪያን ይመርጣል። ከሚሴ አጠገብ እንዳለው የጨፋ ረግረግ ባለ ስፍራ፣ በፀሐይ የሞቀ ረጅም ሳር በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራው በከንቱ ፎቶ ያነሳል፤ ጎርፍም ያሰጋዋል። በሣር ውስጥ ተደብቀው ለሚጮኹ ወፎችና እንቁራሪቶች ድምፅ መቅጃ የተሻለ ነው።