ሳይነግር የሚመጣ እንግዳ

እንግዳ ይመጣል የተባለ እንደ ሆነ ቤቱ ይጠረጋል፤ ጉዝጓዙ ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ይቆላል። ሳይነግር የመጣ እንግዳ ግን የሚያገኘው የቤቱን የዘወትር ጠባይ ነው። በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶችን የሚመረምሩት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም እንዲሁ ሳይነግሩ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎች እንጀራቸውን የሚያገኙት አረጋውያንን በመርዳት ስለ ሆነ ነገሩን ዛሬ ልናነሣው ወደድን።

የምርመራው ሥርዓት የተጠናከረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። በዚህም ሕግ መሠረት ከአንዱ ምርመራ እስከ ሚቀጥለው ከ15 ወር በላይ ሊያልፍ አይገባም። የሚመጡበትን ቀን አስቀድሞ ሹክ ባለ ሰው ላይ ሕጉ ሲወጣ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ መቀጫ ተደንግጎበታል። ከአሥሩ ምርመራ ቢያንስ አንዱ በዕረፍት ቀን፥ በማታ ወይም በማለዳ እንዲጀመር ስለ ታዘዘም «ዛሬ እሑድ ነው» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ተቆጣጣሪው ገብቶ የሚመለከተው ምንድን ነው ቢሉ፥ አብዛኛው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ሠራተኛዋ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስታልፍ እጇን ትታጠባለችን? የውሃው ብርጭቆና የመጥሪያው ደወል ለአረጋዊው እጅ ይደርሳሉን? ደወሉ ሲጮኽ ስንት ደቂቃ ይቆያል? በር ሳይንኳኳ ይገባልን? ገላ ሲታጠብ መጋረጃው ይሳባልን? ከዚህም በኋላ አረጋውያኑን ለብቻቸው ያነጋግራል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አጥንቶ ማሳየት አይቻልም፤ ልማድ መሆን አለባቸውና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰነዱ ነገር ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችለው በሽተኛ በዕቅዱ ላይ በተጻፈለት ሰዓት ሁሉ መገላበጥ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ቁስል ያወጣል። ሠራተኛ ባነሰበት ሌሊት አንዲት ረዳት ብዙ ሰው ይዛ ሳለ ሰዓቱ ያልፋትና ሲነጋ «ተገላብጧል» ብላ ትፈርም ይሆናል። ድካሟን እናውቃለን፤ ፊርማውን ግን ልናመሰግንላት አንችልም። ወረቀቱ ተገላብጧል ሲል ጀርባው አልተገላበጥሁም ይላል፤ ተቆጣጣሪውም ሁለቱን ያስተያያል። በሐሰት መፈረም ከሥራ እስከ መባረርና የሙያ ፈቃድን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል፤ ከዚህም የሚብሰው የአረጋዊው ሥቃይ ነው። ስለዚህ የተሠራውን ብቻ መጻፍ፥ ያልተሠራውን ደግሞ ወዲያው ለነርሷ መንገርና መነገሩንም መመዝገብ ይሻላል።

ሌላም ምክር አለን። በእኛ ልማድ በሹም ፊት ማቀርቀርና ዝም ማለት ጨዋነት ነው። ተቆጣጣሪው ግን ዝምታውን እንደ መደበቅ ሊቆጥረው ይችላል። የሚያውቁትን በአጭር ቃል መመለስ፥ የማያውቁትንም «አላውቅም፤ ከዕቅዱ ልመልከት፤ ነርሷን ልጠይቅ» ማለት ነውር የለበትም። ለዚህም የእያንዳንዱን አረጋዊ ዕቅድ ሥራ ሳይጀምሩ ማንበብ ይገባል፤ ማን እንደሚታነቅ፥ ማን ለብቻው ቢነሣ እንደሚወድቅ የሚገኘው ከዚያ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ለረዳት ነርስ የታዘዘው ትምህርት ቢያንስ 75 ሰዓት፥ ከዚያም በየዓመቱ 12 ሰዓት ነው። ይህንንም የዓመት ትምህርት ለፊርማ ብቻ የሚቀመጡበት ሳይሆን ያልገባቸውን የሚጠይቁበት ቢያደርጉት ይጠቀማሉ።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል። አልጋው ላይ ያለው አረጋዊ ግን ሌሊቱን ሁሉ ደወሉን ይዞ ይጠብቃል። ለእርሱ ተዘጋጅታ ያደረች ሠራተኛ እንግዳው በማናቸውም ሰዓት ቢያንኳኳ የምትደነግጥበት ምክንያት የለም።