የድንጋይ ጠራቢዎቹ ስም

በደቡብ ሕንድ፣ በባሕር ዳር፣ ማማላፑራም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከትልቁ ከተማ ከቼናይ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንግዳ ከሩቅ አገር የሚመጣው ድንጋይ ለማየት ነው።

በ7ኛው መቶ ዓመት እዚያ የፓላቫ ነገሥታት ይገዙ ነበር። አምስት የጸሎት ቤቶች ከቋጥኝ ተፈልፍለው ቆመዋል። «ሠረገላ» ይሏቸዋል፤ ግን መንኮራኩር የላቸውም። ትንሿ ቁርጥ የሣር ክዳን ጎጆ ትመስላለች። ሣርም እንጨትም ግን የለባትም፤ አንድ ወጥ ድንጋይ ናት። ልክ እንደኛ ላሊበላ ማለት ነው። በዕድሜ ግን እነዚህ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ።

እንዴት ሠሯቸው? መልሱን የሚናገረው ያላለቀው ሥራ ነው። ትልቁን ቤት እንመልከት። አናቱ አልቋል፤ ጌጡም ምስሉም ተቀርጿል። ከታች ግን ግድግዳው ገና ሻካራ ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር ማለት ነው። ይኼ ብልሃት ነው፤ የሚወድቀው ስባሪ ያለቀውን አይመታም። ድንጋዩ ግራናይት ነው፣ ብረት ያደክማል። ጠራቢዎቹ ፊቱን በመሮ እየሰረሰሩ በአራት ማዕዘን ይከፋፍሉታል። ከዚያ አንድ በአንድ ይፈነቅሉታል። እጅ ቢስት መመለሻ የለም፤ የተቆረሰ ድንጋይ አይቀጠልም።

ጨዋታም ያውቁ ነበር። 30 ሜትር ያህል በሚረዝም ቋጥኝ ላይ ዝሆን፣ አማልክትና ሰው ቀርጸዋል። ከዝሆኑ አጠገብ አንዲት ድመት በኋላ እግሯ ቆማለች። እጆቿን እንደ ባሕታዊ ወደ ላይ ዘርግታለች። አይጦቹም አምነዋት በዙሪያዋ ተሰብስበዋል!

በትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ የንጉሥ የማዕረግ ስሞች ተጽፈዋል። ያዘዘ ንጉሥ ነው፤ ላቡ ግን የማን ነው? ከከተማዋ አጠገብ ፑንጄሪ በሚባል ስፍራ ሌላ ቋጥኝ አለ። በላዩ የሰዎች ስም ተቀርጿል። ተመራማሪዎች የጠራቢዎቹ ስም ነው ይላሉ። ከስሞቹ አንዱ «ኬቫታ ፔሩንታቻን» ይላል። ፔሩንታቻን ማለት ታላቅ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ከ1 ሺህ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስሙ ግን ዛሬም ይነበባል።

ሙያውም አልጠፋም። በማማላፑራም መንገድ ዳር ዛሬም የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። በ1957 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤትም አለ፤ ወጣቶች መሮ አያያዝ ይማሩበታል።