ጀርባው ላይ 4 ኦም፣ ሙልቲሜትሩ ላይ 3.4፦ የመኪና ቤዝ ስፒከር አለካክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከሚሴን የሚያልፉ ሚኒባሶች፣ ከተማው ውስጥ የሚመላለሱ ባጃጆች፣ ወደ ሰንበቴና ባቲ ገበያ ሰው የሚያደርሱ መኪኖች ብዙዎቹ ሙዚቃ አላቸው። ሰብዉፈር የሚባለው ትልቁ የቤዝ ስፒከር ድንገት ዝም ሲል ወይም ድምፁ ሲሻክር ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ይጠገን ወይስ ይጣል የሚለው ነው። ይህን ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ በሙልቲሜትር መለካት ነው። አለካኩ ከተሳሳተ ግን ደህናው ስፒከር ይጣላል፤ የተበላሸው ደግሞ ተመልሶ ይገጠምና አምፕሊፋየሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ይለያያሉ?

በስፒከሩ ማግኔት መካከል ከቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ኮይል አለ። ሽቦው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍበት በመጠኑ ይቋቋማል፤ ይህ ሬዚስታንስ ይባላል። መለኪያው ኦም ሲሆን ስሙን ያገኘው ሕጉን በ1827 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው።

ሙልቲሜትር ከራሱ ባትሪ ትንሽ ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የማይቀያይር ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ስለዚህ የሚያነበው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ሙዚቃ ግን አቅጣጫውን በሰከንድ ደጋግሞ የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ነው። ያን ጊዜ የኮይሉ ባሕርይና እንቅስቃሴው የሚፈጥሩት ተጨማሪ ተቃውሞ አለ፤ ድምሩ ኢምፒዳንስ ይባላል። ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ጀርባው ላይ የሚጻፈው 4 ኦም አምፕሊፋየር ለመምረጥ እንዲመች አምራቹ የሚሰጠው የተጠጋጋ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ሙልቲሜትሩ ከተጻፈው በመጠኑ ያነሰ ቁጥር ቢያሳይ ኮይሉ ደህና ነው። ባለ 2 ኦም ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከ1.6 እስከ 2፣ ባለ 4 ኦም ከ3.2 እስከ 3.8፣ ባለ 8 ኦም ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል።

አለካኩ

1. ቴፑንና አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፤ ከዚያ ሁለቱንም ገመዶች ከስፒከሩ ይንቀሉ። ካልተነቀሉ የሚለኩት ስፒከሩን ከነአምፕሊፋየሩ ነው።

2. የሙልቲሜትሩን ማዞሪያ በኦም ክፍል 200 ላይ ያድርጉ። 20 ኪሎ ወይም 200 ኪሎ ላይ ከሆነ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር በትክክል አይነበብም።

3. ሁለቱን የሙልቲሜትር ጫፎች አንድ ላይ ያገናኙ። 0.3 ካሳየ ያ የሙልቲሜትሩ ገመዶች ሬዚስታንስ ነው፤ ከውጤቱ ይቀንሱት። 3.7 ቢያነቡ ትክክለኛው 3.4 ነው። ቁጥሩ አልረጋ ካለ ገመዱንና ባትሪውን ይመልከቱ።

4. ዝገትና አቧራ ካለ የስፒከሩን ተርሚናል ጠርገው ጫፎቹን አጥብቀው ያስነኩ። ስፒከሩን ሳይነኩት ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ከተንቀሳቀሰ ኮይሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ንባቡ ይዋዥቃል። ቀዩና ጥቁሩ ቢቀያየሩ ለዚህ ልኬት ለውጥ የለውም።

ሁለት ኮይል ያለው ከሆነ

አራት ተርሚናል ያለው ስፒከር ሁለት ኮይል አለው። ባለ 4 ኦም ሁለት ኮይሎች በፓራሌል (ጎን ለጎን) ሲገናኙ 2 ኦም፣ በሲሪስ (በተከታታይ) ሲገናኙ 8 ኦም ይሆናሉ። ሙልቲሜትሩ በመጀመሪያው 1.7፣ በሁለተኛው 6.8 አካባቢ ያሳያል።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። በፓራሌል ከተገናኙት ኮይሎች አንዱ ቢቃጠል ሙልቲሜትሩ 3.4 ያሳያል፤ ለሚያየው ሰው ደህና ባለ 4 ኦም ስፒከር ይመስላል። ስለዚህ ማገናኛውን ፈትቶ እያንዳንዱን ኮይል ለብቻው መለካት ያስፈልጋል። የሁለቱ ቁጥር ተቀራራቢ መሆን አለበት።

የከሚሴ ሙቀት

የመዳብ ሽቦ በሞቀ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.4 በመቶ። በ20 ዲግሪ 3.4 ኦም የነበረ ኮይል ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ 50 ዲግሪ ሲደርስ 3.8 ያህል ያሳያል። ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ድምፅ ሲሠራ ከቆየ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ቆላ ስፒከሩን በጠዋት ወይም ጥላ ሥር አቆይቶ ከቀዘቀዘ በኋላ መለካት ይሻላል።

ውጤቱ ምን ይላል?

በስተግራ 1 ብቻውን ከቆመ መስመሩ ተቆርጧል። ኮይሉ ተቃጥሎ ይሆናል፤ ወይም ከተርሚናሉ ወደ ኮይሉ የሚሄደው የተጎነጎነ ቀጭን ገመድ ተበጥሶ ይሆናል። ገመዱ ብቻ ከሆነ በብየዳ ይስተካከላል፤ ስለዚህ ከመጣልዎ በፊት ያሳዩት።

ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ኮይሉ ሾርት ሆኗል። እንዲህ ያለውን ስፒከር ከአምፕሊፋየር ጋር አያገናኙ።

የስፒከሩን ፊት በሁለት እጅ እኩል አድርገው በቀስታ ሲገፉ 1 ብልጭ እያለ የሚመለስ ከሆነ ሊበጠስ የደረሰ ገመድ አለ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ድምፁ ጠፍቶ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ አንዱን ጫፍ በተርሚናሉ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የስፒከሩ ብረት ላይ ያድርጉ። ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ኮይሉ ብረቱን ነክቷል።

ሙልቲሜትር የማይናገረውም አለ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ስፒከሩን ሲገፉት የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው፤ ዙሪያው ያለው ጎማ ተቀዶም ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ስፒከር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይለካ፣ በእጁ ገፍቶ ያዳምጥ፣ አምፕሊፋየሩ ስንት ኦም ድረስ እንደሚችልም ያንብብ። አምፕሊፋየሩ ከ4 ኦም በታች የማይችል ከሆነ 2 ኦም የሆነ ስፒከር፣ ምንም እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ሊያቃጥለው ይችላል።