የጋራዥ ግድግዳ እግር

የቤት ሠሪ ገንዘብ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ያልቃል። ሳሎኑ ጄሶ ተሠርቶለት፣ መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ለብሶ፣ ጋራዡ ከነብሎኬቱ ይቀራል። ዕድል ቢቀናው ከየክፍሉ የተራረፈ ቀለም ተደባልቆ ይለቀለቅበታል። በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ግን እንደ ጋራዥ ብዙ ሥራ ያለበት ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። መኪና ባይኖር እንኳ የጤፍ ጆንያ፣ ጄኔሬተርና የተሰበረ አልጋ ይገባበታል፤ ድግስ ሲመጣ ወጥ ይወጠወጥበታል፤ ኑሮ ሲከብድ ደግሞ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ሱቅ ይሆናል።

መሠረታዊው ነገር ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። ግርፍ፣ ልስን፣ ቀለም፤ በቃ። ቀለሙ ነጭ ይሁን፤ በአንድ አምፖል ብርሃን የወደቀ ብሎን ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። የመኪና በር በሚነካው ቦታ ላይ የጎማ ቁራጭ ይመታ። ቤንዚን በሚቀመጥበት ክፍል ፎምና ፒቪሲ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ማገዶ መደርደር ስለሆነ ይቅር።

ስለ እሳት ካነሳን፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ጋራዣቸው ከቤታቸው ጋር የተያያዘ ስለሚሆን ጉዳዩን በሕግ ያውቁታል። እዚያ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ጋራዡን ከቤቱ የሚለየው ግድግዳ በጋራዡ በኩል ቢያንስ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው የጂፕሰም ቦርድ እንዲለብስ ያዛል። ጂፕሰም ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው፤ እሳት ሲያገኘው ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን ያዘገየዋል። እኛ ጄሶ የምንለውም ይኸው ጂፕሰም ነው። ታዲያ ለእሳት እንዲህ የጠና ነገር ለውሃ ልፍስፍስ ነው፤ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ስለዚህ እርጥበት በማያጣው የግድግዳ እግር፣ ከወለል እስከ አንድ ሜትር ድረስ፣ ጄሶም ሆነ የጄሶ ስቱኮ አይጠጋ።

ያ የታችኛው ሜትር ነው እኔን የሚያብከነክነኝ። ለእርጥበቱ ሰዉ ሁሉ አንድ መድኃኒት ያውቃል፦ ዘይት ቀለም። አንዲት ጎረቤቴ የጋራዣቸው ግድግዳ እየላላ ቢያስቸግራቸው ቀቢ አስጠሩ። «እትዬ፣ ይኼ ጠብታ ውሃ አያሳልፍም፤ አያስቡ» አላቸው። እውነቱን ነው፣ አያሳልፍም። ችግሩም እሱ ነው። ውሃው የሚመጣው ከመሠረቱ ሥር፣ በብሎኬቱና በልስኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ነው። ግድግዳው ፊቱ ክፍት ከሆነ እርጥበቱ ጉልበት ሳያልፍ ተንኖ ይወጣል። ፊቱን በዘይት ቀለም ሲዘጉበት መውጫ ፍለጋ ሽቅብ ይቀጥላል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ጉልበት ላይ የነበረው እድፍ ወገብ ይደርሳል። ውሃው አሟሙቶ ያመጣው ጨውም ከቀለሙ ጀርባ እየደረቀ ሲጠጥር ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። ያን ነጭ ብናኝ ሻጋታ ነው ብለው በረኪና የሚያፈሱበት አሉ። ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል።

ልስኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥብ የሲሚንቶ ልስን ኃይለኛ አልካሊ ነው። አልካሊና ዘይት ሲገናኙ የሚሠሩት ሳሙና ነው፤ ግድግዳው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቀለሙ እየተሙለጨለጨ ይላጣል። ለሳኙ ሐሙስ ጨርሶ ቀቢው ቅዳሜ የሚገባበት ጥድፊያ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቅ።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ቀላል ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቆ ለአንድ ሁለት ቀን መተው ነው። ጠብታው በግድግዳው በኩል ካለ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ካለ ከአየሩ ነውና መስኮት ይከፈት። ከግድግዳው ከሆነ መጀመሪያ ውጭውን ይመልከቱ። አበባ ለመትከል አፈር ግድግዳው ላይ የሚቆልሉ ሰዎች ጽጌረዳውን ብቻ የሚያጠጡ ይመስላቸዋል። አሸንዳውስ ውሃውን የሚጥለው የት ነው?

ከዚያ በኋላ ዘይት ቀለሙና የላላው ልስን ተፍቆ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይለሰን፤ ላዩም ኖራ ይቀባ። ኖራ የድሃ ቀለም ተብሎ መናቁ ያናድደኛል። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ፣ በውሃ በርዶ ግድግዳ ላይ ሲቀባ፣ ሲቃጠል ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር መልሶ እየወሰደ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። እርጥበት ያሳልፋል፤ ሻጋታም አይመቸውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፋሲል ግንብን ድንጋዮች ያያያዘው እሱ ነው። ልብስ መንካቱ እውነት ነው፤ የተደገፈበት ሰው ጀርባው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ሜትር በላይ ግን ፕላስቲክ ቀለም ቢቀቡ ማንም አይከለክልም። ኖራውን ሲያበርዱና ሲቀቡ ዓይንን በመነጽር፣ እጅን በጓንት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ዓይን ያጠፋል።

ሥራው በክረምት አይጀመርም። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠጥር፣ ጥቅምት ላይ ልስኑን ፍቆ ግድግዳውን ለጥቂት ሳምንታት ራቁቱን መተው ነው፤ መኪናውም እስከዚያ ውጭ ይታጠብ።