ከአፍ ከወጣ አፋፍ፦ የፖለቲከኞች ያልታረመ ንግግርና የመራጩ ሕዝብ ቅሬታ በጃፓን

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው፤ አንዴ ከአንደበት ያመለጠ ቃል ተመልሶ እንደማይያዝ ሲያስረዱ። ብሂሉ ለማንም የሚሠራ ቢሆንም ሕዝብን ወክለው ለሚናገሩ ፖለቲከኞች ግን ክብደቱ የላቀ ነው። የአንድ ግለሰብ ያልታረመ ቃል የሚያስቀይመው ጎረቤትን ወይም ዘመድን ነው። የሚኒስትር ወይም የሕዝብ ተወካይ ያልታረመ ቃል ግን ሹመት ሲያሳጣና ምክር ቤት ሲያስበትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕዝብ ራሱ ባቋቋመው ተቋም ላይ ያለውን እምነት ሲሸረሽር ታይቷል።

ለዚህ እንደ ጃፓን በርካታ ምሳሌዎች ያሉት አገር ጥቂት ነው። ጃፓናውያን በቃላት አመራረጣቸው ጥንቁቅ መሆናቸው በሰፊው ቢነገርም፣ የአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ከሥልጣን በወረዱ ሹማምንት የተሞላ ነው። ይህን መሰሉን ስህተት የሚገልጹበት «ሺትሱጌን» የተሰኘ የራሱ ቃልም አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅርብ ጊዜ ከተከሰቱት መካከል በግንቦት 2025 የግብርና ሚኒስትር የነበሩት የሚስተር ታኩ ኤቶ ጉዳይ ይጠቀሳል። በወቅቱ የሩዝ ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ገደማ አሻቅቦ፣ የአምስት ኪሎ ግራም ሩዝ አማካይ ዋጋ ከ4 ሺህ 200 የን በላይ ደርሶ ነበር። መንግሥትም ከመጠባበቂያ ክምችቱ ሩዝ ለገበያ እያወጣ ዋጋውን ለማረጋጋት ሲጣጣር ቆይቷል። ሚኒስትሩ በሳጋ ከተማ በተካሄደ የፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ፣ ደጋፊዎቻቸው በብዛት ስለሚሰጧቸው በቤታቸው የሚሸጥ ያህል ሩዝ መኖሩን ተናገሩ።

ንግግሩ በአዳራሹ ውስጥ እንደ ቀልድ የታሰበ ነበር። ከአዳራሹ ውጪ ለቤተሰቡ ሩዝ መግዛት ለከበደው ሸማች ግን ቀልድ አልሆነም። ሚስተር ኤቶ አድማጩን ለማሳቅ ሲሉ ማጋነናቸውን ገልጸው ይቅርታ ቢጠይቁም፣ ተቃዋሚ ፓርቲዎች እምነት የማጣት ውሳኔ ሐሳብ ለማቅረብ በመዘጋጀታቸው ንግግሩን ካደረጉ በሦስተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀዋል። አባታቸው ሚስተር ታካሚ ኤቶም በ1995 የጃፓን የቅኝ አገዛዝ ለኮሪያ በጎ ነገር አድርጓል የሚል አስተያየት እንዳይታተም ብለው ለጋዜጠኞች ከሰጡ በኋላ፣ ጉዳዩ ይፋ በመውጣቱ ከሚኒስትርነት ለመልቀቅ መገደዳቸው ይታወሳል።

አንዲት ቃል ያስከተለችው ምርጫ

ችግሩ የዛሬ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱን መልሰው ካቋቋሙት መሪዎች ቀዳሚ የሆኑት ጠቅላይ ሚኒስትር ሺገሩ ዮሺዳ በየካቲት 1953 በታችኛው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ከአንድ የሶሻሊስት ተወካይ ለሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች መልስ በመስጠት ላይ ነበሩ። በንዴት ወደ መቀመጫቸው ሲመለሱ በጃፓንኛ «ባካያሮ» የሚል፣ «ጅል» እንደማለት የሚቆጠር ስድብ አጉተመተሙ። ቃሏ በዝቅተኛ ድምፅ የተነገረች ብትሆንም ማይክሮፎን ያዛት።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወዲያው ቃላቸውን አነሱ። ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎች ጉዳዩን በዚያ አልተዉትም። የዲሲፕሊን ውሳኔ ሐሳብ ቀረበ፤ በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ የነበረው ክፍፍልም ተጨመረበት። በመጋቢት 14 ቀን ምክር ቤቱ በመንግሥቱ ላይ እምነት ማጣቱን በድምፅ በመግለጹ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን በተኑ። በሚያዝያ ወር በተካሄደው ምርጫም ፓርቲያቸው የነበረውን አብላጫ መቀመጫ አጣ። ከተመረጠ ግማሽ ዓመት ያልሞላው ምክር ቤት በዚህ ሁኔታ ፈረሰ፤ ድርጊቱም እስከ ዛሬ «የባካያሮ ብተና» እየተባለ ይጠራል።

በዚያው ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ሀያቶ ኢኬዳ በ1950 ስለ እህል ዋጋ በምክር ቤት ሲጠየቁ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ገብስ በብዛት እንዲመገብ ማድረግ ከኢኮኖሚ መርሕ ጋር እንደሚጣጣም ገልጸው ነበር። ጋዜጦች ግን አባባሉን አሳጥረው «ድኻ ገብስ ይብላ» አሉ በሚል አወጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በኢኮኖሚ ፖሊሲው ምክንያት ጥቂት ነጋዴዎች ከስረው ራሳቸውን ቢያጠፉ ሊታለፍ የማይችል ነገር መሆኑን በመናገራቸው፣ ምክር ቤቱ እምነት ነፍጓቸው ከሹመታቸው ተነሡ።

የሚስተር ኢኬዳ ታሪክ በዚህ አልተቋጨም። በ1960 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲመለሱ የተናጋሪነት ጠባያቸውን ለውጠው፣ ትዕግሥትንና መቻቻልን መፈክራቸው አድርገው ነበር። የሕዝቡን ገቢ በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ የማድረግ ዕቅዳቸውም በታሪክ የሚታወሱበት ሆኗል። ይህም የአንደበት ስህተት በሥራ ሊካስ እንደሚችል ያመለክታል።

ሐዘን ላይ የወደቀ ቃል

ሕዝብን ይበልጥ የሚያስቆጡት በአደጋና በሐዘን ላይ የሚሰነዘሩ ንግግሮች መሆናቸውን ተከታታይ ክስተቶች ያሳያሉ። በ2007 የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ፉሚዮ ኪዩማ የአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ በጃፓን ላይ መጣሉ ሊታለፍ የማይችል ነገር እንደነበር በመግለጻቸው ከቀናት በኋላ ለቀዋል። ሚስተር ኪዩማ ራሳቸው ቦምቡ ከወደቀበት ከናጋሳኪ ግዛት የተመረጡ መሆናቸው የመራጮቻቸውን ቁጣ አባብሶታል።

በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን ካወደመ በኋላም ተመሳሳይ ሁኔታ ተደጋግሟል። የመልሶ ግንባታ ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ሪዩ ማትሱሞቶ በሚያጊ ግዛት ባደረጉት ጉብኝት የግዛቱ ገዥ ጥቂት ደቂቃ አስጠበቁኝ ብለው በካሜራ ፊት ገሠጿቸው፤ በሥፍራው የነበሩት ጋዜጠኞችም ይህን እንዳያወጡ አስጠነቀቁ። የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ ግን ምስሉን ከነማስጠንቀቂያው አሰራጨው። ሚኒስትሩም በሁለተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት መስከረም የኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ዮሺዮ ሀቺሮ በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ዙሪያ ነዋሪዎቻቸው የለቀቋቸውን መንደሮች «የሞት ከተማ» በማለታቸው በተሾሙ በዘጠነኛው ቀን ተሰናበቱ።

በሚያዝያ 2017 ደግሞ ሌላው የመልሶ ግንባታ ሚኒስትር ሚስተር ማሳሂሮ ኢማሙራ አደጋው በዋና ከተማዋ አቅራቢያ ሳይሆን በሰሜን ምሥራቅ መድረሱ የተሻለ እንደነበር ተናገሩ። ሚኒስትሩ የጉዳቱን መጠን በገንዘብ እያሰሉ ነበር። ቤተሰቡን በሱናሚ ያጣው የአካባቢው ሰው የሰማው ግን የእርሱ ሕይወት ከቶኪዮ ነዋሪ ሕይወት ያነሰ መሆኑን ነው። እርሳቸውም ወዲያው ሥልጣናቸውን ለቀዋል።

ስህተቱ ለምን ይደጋገማል?

ከእነዚህ ንግግሮች አንዳንዶቹ የተነገሩት በምክር ቤት ክርክር ሳይሆን በደጋፊዎች ስብሰባና በፓርቲ ግብዣ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የጃፓን ፖለቲከኞች በየምርጫ ክልላቸው የደጋፊ ማኅበራት አሏቸው። በእነዚህ መድረኮች ተናጋሪው የሚያገኘው አድማጭ ወዳጅ ነው፤ የሚጠበቅበትም ማሳቅና ማስደሰት ነው። ጃፓናውያን በአደባባይ የሚነገረውን «ታቴማኤ»፣ በልብ የተያዘውን ደግሞ «ሆንኔ» ይሉታል። መራጩ ሕዝብ በእንዲህ ያለው መድረክ የተነገረውን እንደ ስህተት ሳይሆን ተሸፍኖ እንደቆየ እውነተኛ አሳብ የሚቆጥረውም ለዚህ ነው። ይህ ዕይታ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ከሚለው የአገራችን ብሂል ጋር ይቀራረባል።

ገዥው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በግንቦት 2019 ከላይኛው ምክር ቤት ምርጫ ቀደም ብሎ ለአባላቱ የአነጋገር መመሪያ ማሰራጨቱ ችግሩ ምን ያህል አሳሳቢ እንደነበር ያመለክታል። መመሪያው ስለ ታሪክ፣ ስለ ፆታ፣ ስለ አደጋ፣ ስለ ሕመምና እርጅና ሲናገሩ እንዲጠነቀቁ፣ በወዳጆች መካከል በሚነገር ቀልድ እንዳይዘናጉ ይመክራል። የሚናገሩት ሁሉ በተንቀሳቃሽ ስልክ ሊቀዳ እንደሚችልም ያስገነዝባል። መመሪያው አንደበትን ሊገታ ይችል ይሆናል፤ በሕዝብ ኑሮና በተወካዩ ኑሮ መካከል ያለውን ርቀት ግን አያጠብም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሩዝ ገዝተው የማያውቁ የግብርና ሚኒስትር መታየታቸውም ይህንኑ ያረጋግጣል።

በሌላ በኩል ሁሉም ተናጋሪ እኩል አይቀጣም። የሚስተር ዮሺዳ የልጅ ልጅ የሆኑት ሚስተር ታሮ አሶ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በ2013 ሕገ መንግሥት ስለማሻሻል ሲናገሩ ናዚዎችን በምሳሌነት በመጥቀሳቸው ዓለም አቀፍ ትችት ቢደርስባቸውም፣ ቃላቸውን አንስተው በሥልጣናቸው ቀጥለዋል። የሹመቱን ዕጣ የሚወስኑት የንግግሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን የምርጫ መቃረብ፣ የተቃዋሚዎች ጥንካሬና ተናጋሪው በፓርቲው ውስጥ ያለው ጉልበት ጭምር ናቸው። ሕዝቡም ይህን ልዩነት ያስተውላል፤ ንቀቱ ከግለሰቡ አልፎ ወደ ተቋሙ የሚሸጋገረውም ከዚህ በመነሳት ነው።

ንቀት የሚያስከፍለው ዋጋ

ጠቅላይ ሚኒስትር ዮሺሮ ሞሪ በሰኔ 2000 ምርጫ ዋዜማ፣ ምርጫቸውን ያልወሰኑ ዜጎች ፍላጎት አጥተው ቤታቸው ቢተኙ መልካም እንደነበር መናገራቸው በእጅጉ አስተችቷቸዋል። ፓርቲያቸውም በምርጫው በርካታ መቀመጫዎች አጥቷል። ይሁንና ንግግሩ አንድ እውነት አጋልጧል። የተደራጀ ደጋፊ ያለው ፓርቲ ቅር የተሰኘው መራጭ ቤቱ ሲቀር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

የምርጫ ተሳትፎ አኃዞች በዚህ ረገድ የሚናገሩት አላቸው። በ1958 ለታችኛው ምክር ቤት በተካሄደው ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ 76 ነጥብ 99 በመቶ ነበር። የመንግሥት ለውጥ ባስከተለው የ2009 ምርጫ 69 ነጥብ 28 በመቶ የደረሰ ሲሆን፣ በ2014 ወደ 52 ነጥብ 66 በመቶ አሽቆልቁሎ ከጦርነቱ ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። በ2024ም ከ53 ነጥብ 85 በመቶ አላለፈም። ለዚህ የፓርቲዎች የገንዘብ ቅሌትን ጨምሮ ብዙ ምክንያቶች ስላሉ ማሽቆልቆሉን በአንደበት ስህተት ብቻ ማመካኘት አይቻልም። ሆኖም «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው ስሜት በእያንዳንዱ የንቀት ንግግር እየተጠናከረ መሄዱ አይካድም።

ንቀቱ ከድምፅ መንፈግ አልፎ ወደ ሁከት ሲያመራ ምን እንደሚከተል ደግሞ ኢንዶኔዥያ በነሐሴ 2025 አሳይታለች። የምክር ቤት አባላት ለቤት ኪራይ በወር 50 ሚሊዮን ሩፒያ እንደሚከፈላቸው በታወቀ ጊዜ፣ ገንዘቡ የጃካርታን ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ በመሆኑ ሕዝቡ ተቆጣ። ምክር ቤቱ ይበተን የሚሉትን ሰዎች አንድ ተወካይ በጅልነት መፈረጃቸው ደግሞ ቁጣውን አባባሰው። አንድ ወጣት የሞተር ብስክሌት ታክሲ አሽከርካሪ በፖሊስ ተሽከርካሪ ተገጭቶ ከሞተ በኋላ ተቃውሞው ተስፋፍቶ በማካሳር የክልል ምክር ቤት ሕንፃ ሲቃጠል የሰዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ የተወካዮች መኖሪያ ቤቶችም ተዘርፈዋል። አበሉ የተሰረዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር።

ኢትዮጵያ ለጉዳዩ ባዕድ አይደለችም። የ1931ዱ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ በአብነት የተወሰደው የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደነበር የሚታወቅ ነው። ሁለቱ አገሮች ዛሬ በሚመሩባቸው ሕገ መንግሥቶችም የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው አስተያየት እንዳይከሰስ ጥበቃ ተደርጎለታል። በጃፓን ይህ በአንቀጽ 51፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በአንቀጽ 54 ሰፍሯል። የኢትዮጵያው አንቀጽ የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሳ እንደሚችልም ይደነግጋል። ጥበቃው ተወካዩ ያለ ፍርሃት ለሕዝብ እንዲናገር የተሰጠ እንጂ ሕዝብን እንዲንቅ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

የመገናኛ ብዙኃንም ከኃላፊነት ውጪ አይደሉም። የሚያጊው ቴሌቪዥን ጣቢያ ማስጠንቀቂያውን ሳይፈራ እውነቱን ማውጣቱ የሚመሰገን ነው። በአንፃሩ የሚስተር ኢኬዳ አባባል ተቆርጦ የቀረበበት መንገድ የዘጋቢ እጅም ሊሳሳት እንደሚችል ያስተምራል። ተናጋሪው ያለውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማቅረብ ለተናጋሪውም ለአድማጩም ፍትሕ ነው።

ከሁሉም በላይ ጃፓን የምታስተምረው ሕዝብ የአንድን ሹም ንቀት ለመቅጣት ምክር ቤቱን መናቅ እንደማያስፈልገው ነው። ሚስተር ዮሺዳን አብላጫ ያሳጣቸው ድምፁን የሰጠ መራጭ ነው፤ ሚስተር ሞሪ ይተኛ ሲሉ የተመኙት ግን ቤቱ የሚቀረውን ነው።