ቁልፍ ማስረከብ ከኃላፊነት አያወጣም፦ የሞተር ሽያጭና የኢንሹራንስ ተረትና እውነታ

ጅግጅጋ ላይ ሞተር ሲሸጥ ነገሩ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ደላላው ሁለቱን ያገናኛል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ይጻፋል፣ ገንዘቡ በስልክ ይተላለፋል። ሊብሬውና ቁልፉ ለገዢው ይሰጣል። የሦስተኛ ወገኑ ኢንሹራንስ ገና ወራት ከቀሩት ደላላው «ኢንሹራንስ ያለው ነው» እያለ ዋጋውን ከፍ ያደርግበታል። ሻጩም ከዚያ ቀን በኋላ ሞተሩ የሚያደርገው ሁሉ እሱን እንደማይመለከተው አምኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

በሞተር ሽያጭ ዙሪያ ከሚወሩት ሁሉ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። ሆኖም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሔር፣ ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ማን እንደነዳና የነጂው ጎሳ የትኛው እንደሆነ ነው። ማግ የሚባለውን የደም ካሳ፣ በጥንቱ ስሌት ለአንድ ወንድ 100 ግመል፣ የሚያዋጣው የነጂው ወገን ነው። ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ሊብሬው በማን ስም ነው ብሎ አይጨነቅም፤ ሞተሩ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ዓይን ካየነው ሻጩ እውነትም ነፃ ነው።

ፍርድ ቤት ግን የሚያየው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። በዚህ አንቀጽ ባለቤቱ ሊያመልጥ የሚችለው በጊዜው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሸጠ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ባለቤቱ ማን ነው ሲባል መጀመሪያ የሚገለጠው ሊብሬው ነው፤ ስለዚህ ክሱ ከሻጩ ይጀምራል። ያ በምስክር የተፈረመ ወረቀት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሻጩ ራሱን ሲከላከል ይጠቅመዋል፣ በኋላም ገዢውን ይጠይቅበታል። ግን የሟች ቤተሰብ በወረቀቱ ላይ አልፈረመም፤ ገዢውም ስልኩን ዘግቶ ወደ ቶጎ ውጫሌ ከወረደ ሻጩ ብቻውን ነው የሚቆመው።

«ውክልና ስጠውና ተገላገል» የሚሉ ደላሎችን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም። እንዲያውም ሞተሩ ዛሬም የወካዩ መሆኑን የሚመሰክር ሰነድ ነው! ደላላው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ስም ማዛወር ክፍያ አለው፣ ወረፋ አለው፣ ኮሚሽኑም እስከዚያ ይዘገይበታል።

ኢንሹራንሱስ? ሙሉ ሽፋን ያለው ሞተር ከሆነ ነገሩ ይከፋል። በንግድ ሕጋችን የንብረት መድን የደረሰን ኪሳራ ለመካስ የሚገባ ውል ነው። ሞተሩ ካራማራ ቁልቁለት ላይ ቢገለበጥ ሻጩ ዋጋውን ተቀብሏልና አልከሰረም። የከሰረው ገዢው ከኩባንያው ጋር ውል የለውም። ዓረቦኑ ተከፍሎም ካሳ የሚቀበል ሰው ይጠፋል። ሦስተኛ ወገኑ በበኩሉ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የተደረገው ለተጎጂው ሲባል ነው። ሆኖም የሽፋኑ መጠን ጣሪያ አለው፤ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ከወሰነ ትርፉ የሚጠየቀው ከባለቤቱ ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ደግሞ የሻጩ ነው።

ስለዚህ ሽያጩ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይፈረም፣ ስሙ በትራንስፖርት ቢሮ ይዛወር፣ የዚያኑ ቀን ሻጭና ገዢ አብረው ወደ ኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ ይሂዱ። የተረጋገጠውን ውል ቅጂ ከማመልከቻ ጋር አስገብተው ፖሊሲው በገዢው ስም እንዲዞር ይጠይቁ። ሻጩ በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ያስመታ። በቃል «ነግሬያቸዋለሁ» ማለት አደጋ በደረሰ ማግስት የሚያስታውሰው የለም። የቀሩት ወራት ዋጋ በሽያጩ ላይ ቢታሰብ ደግ ነው።

«ስድስት ወር ከቀረው ግማሹን ይመልሱልኛል» የሚሉም አሉ። በተለመደው የሞተር ፖሊሲ ውሉን ያቋረጠው ደንበኛው ራሱ ከሆነ ኩባንያው የሚያሰላው በአጭር ጊዜ ተመን ነው፤ ተመላሹ ከግማሽ ያንሳል። በዚያው ዓመት ካሳ ከተጠየቀበት ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ለገዢው ማዞር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

«ሽማግሌ ይጨርሰው፣ ኢንሹራንሱ ይተካልኛል» ይባላል። ይህ አደገኛ ነው። ፖሊሲዎች ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋትን ማመንንና ካሳ ለመክፈል ቃል መግባትን ይከለክላሉ። ዕርቁን የሚቃወም የለም፤ ብቻ ማጉ ከመቆረጡ በፊት ለኩባንያው ይነገረው።

ሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ሞተር ቢሰረቅ የሚከፈል ነገር የለም። መድን ሐራም ነው ብሎ መተውም ከአዋጁ አያድንም። ወለድ ለሚያስጨንቀው ሰው ብሔራዊ ባንክ ተካፉል የሚባለውን ከወለድ ነፃ መድን ከፈቀደ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅርንጫፉን ጠይቆ መረዳት ነው።

የመጨረሻው የድንበሩ ነው። የኢትዮጵያ ሦስተኛ ወገን ከኬላው ማዶ አይሠራም፤ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ለሚሻገር የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። በቶጎ ውጫሌ ግን ሞተር ጠዋት ወደ ሶማሊላንድ ተሻግሮ ማታ ይመለሳል፣ አንዳንዴም እዚያው ይቀራል። ገዢው የድንበር ነጋዴ ከሆነ ስሙ ሳይዛወር ቁልፉን አይስጡት፤ ቀሪውን ክፍያ በእጥፍ ቢያቀርብልዎም።